የቻይና ሸማች ለምን እጁን ሰበሰበ? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ቻይና ጓንዡ ከተማ ስምንት ዓመት ዕቃ እየገዛሁና ወደ ውጭ እየላክሁ ኖሬያለሁ። ከተመለስኩም ወዲህ የቻይና ኩባንያዎችን ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ አነባለሁ። ስለ ቻይና ሸማችና አክሲዮን የጠየቃችሁኝን እነሆ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ 1.4 ቢሊዮን ሕዝብ ያለበት ገበያ እንዴት ይከስራል? አክሲዮን ገዝቶ ቁጭ ማለት አይበቃም?

አይበቃም። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ የሚያወጣው ግን ከኢኮኖሚው ስፋት አንጻር ትንሽ ነው። የቻይና ቤተሰቦች ፍጆታ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 40 በመቶ ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ65 በመቶ ይበልጣል። ቻይና ለብዙ ዓመታት ገንዘቧን ያፈሰሰችው ፋብሪካ፣ ባቡርና ሕንፃ ላይ ነው። ደግሞ ገዢው የበዛውን ያህል ሻጩም በዝቷል።

ጥያቄ፦ ሰዉ ገንዘብ አጥቶ ነው ወይስ እያለው ነው የማያወጣው?

እያለው ነው። ባንክ አስቀምጦታል። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

የቻይና ቤተሰብ ሀብት ከግማሽ በላይ ቤት ነው። በ2020 መንግሥት የሪል ስቴት ኩባንያዎችን ብድር ገደበ። በ2021 መጨረሻ ከትልልቆቹ ቤት ሠሪ ኩባንያዎች አንዱ ኤቨርግራንዴ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በጥር 2024 ደግሞ የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወሰነ። የቤት ዋጋም ከ2021 ጀምሮ ቁልቁል ሄደ።

ዕቃ የምታሽግልኝ አንዲት እናት ነበረች። በ2019 ከከተማው ዳር አፓርታማ ገዛች። ስንገናኝ ስልኳን አውጥታ የሰፈሩን የቤት ዋጋ ታሳየኝ ነበር፣ ፊቷ እየበራ። በ2023 “ቤቱስ እንዴት ነው?” አልኳት። ስልኩን ከኪሷ አላወጣችም። “አሁን አላየውም” አለችኝ። ደሞዟ አልተነካም። ግን የልጇን ጫማ ከሱቅ መግዛት ትታ ርካሽ ከሚሸጥበት መተግበሪያ ማዘዝ ጀምራለች። ብድሩንም ቀድማ ለመጨረስ ትሯሯጣለች። እንግዲህ ይህንን በሚሊዮኖች አባዙት።

ሌላው ምክንያት የማኅበራዊ ዋስትና መሳሳት ነው። ለገጠር አዛውንት መንግሥት የሚሰጠው ዝቅተኛ ጡረታ በ2025 በወር 143 ዩዋን ነበር፣ ማለትም 20 ዶላር ገደማ። ከገጠር መጥቶ ከተማ የሚሠራው ልጅ ወላጆቹን ይጦራል፣ ለሕመምም ያስቀምጣል። እሱ ራሱ በሁኮው፣ ማለትም በነዋሪነት ምዝገባው፣ አሁንም የገጠር ሰው ከሆነ የከተማውን አገልግሎት እንደ ከተሜው አያገኝም። እንዲህ ያለ ሰው ቢቆጥብ ምን ይገርማል?

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ ላቡቡ የሚባለው አሻንጉሊት እንዴት እንደዚያ ተቸበቸበ?

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ቤት መግዛት የማይታሰብ ሲሆን ሰው በትንሽ ነገር ራሱን ያስደስታል። የአሻንጉሊቱ ባለቤት ፖፕ ማርት በ2024 ገቢው ከእጥፍ በላይ አድጎ 13 ቢሊዮን ዩዋን ደረሰ። የመጠጥ ሱቆች ባለቤት ሚሹዌም እንዲሁ ነው፤ የሎሚ መጠጡን በ4 ዩዋን ገደማ እየሸጠ በመጋቢት 2025 ሆንግ ኮንግ ገበያ ገባ። ላኪን የሚባለው የቻይና ቡና ቤት ኩባንያ ቡናውን በ9.9 ዩዋን እያቀረበ በ2023 ቻይና ውስጥ ስታርባክስን በሽያጭ በለጠው። ስታርባክስም በኅዳር 2025 የቻይና ሥራውን 60 በመቶ ለአንድ የቻይና ኢንቨስትመንት ድርጅት ለመሸጥ ተስማማ።

ሰዉ መግዛት አላቆመም ማለት ነው፤ መምረጥ ጀምሯል። ግን አሻንጉሊት ፋሽን ነው። ዘንድሮ ሁሉም የያዘውን ነገር አክሲዮን በውድ ዋጋ የሚገዛ ሰው ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለሸማቹ ገንዘብ እየሰጠ ነው ይባላል።

አሮጌ ፍሪጅ ወይም መኪና መልሶ አዲስ ለሚገዛ ድጎማ አለ። በ2024 150 ቢሊዮን፣ በ2025 300 ቢሊዮን ዩዋን ተመድቦለታል። ሽያጭ አነሳስቷል፣ ነገር ግን ዘንድሮ ፍሪጅ የገዛ ሰው ለከርሞ አይገዛም። እኔ ይበልጥ የምከታተለው በ2025 የተጀመረውን፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት 3,600 ዩዋን የሚሰጠውን ድጋፍ ነው። ጡረታና ሕክምናም እንዲህ ቢሻሻሉ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የጡረታ ሒሳቤ ውስጥ ኢመርጂንግ ማርኬት ፈንድ፣ ማለትም የታዳጊ አገሮችን አክሲዮን የሚይዝ ፈንድ፣ አለ። የቻይና አክሲዮን ልጨምርበት?

መጀመሪያ ፈንዱን ከፍተህ እይ ወንድሜ። በእንዲህ ዓይነት ፈንዶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቻይና ትልቅ ድርሻ ትይዛለች። ሳታውቀው ገዝተሃል።

ከዚያ ምን እንደምትገዛ እወቅ። ኒውዮርክ ላይ የኢንተርኔት ገበያውን ኩባንያ አሊባባን ስትገዛ የምትይዘው ኬይማን ደሴቶች የተመዘገበ ኩባንያ ድርሻ ነው፤ ቻይና ካሉት ዋና ፈቃዶችና ድርጅቶች ጋር የሚያገናኘው ውል ነው። አክሲዮኑ በጥቅምት 2020 ከ300 ዶላር በላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከ70 በታች ወረደ። መሃል ላይ የእህት ኩባንያው የአንት አክሲዮን ሽያጭ ታግዷል፣ ራሱም 18.2 ቢሊዮን ዩዋን ተቀጥቷል። በሐምሌ 2021 ደግሞ በአንድ መመሪያ የማስጠኛ ኩባንያዎች የትምህርት ቤት ትምህርት እያስጠኑ ትርፍ እንዳያገኙ ተከለከሉ። ባለአክሲዮኖቻቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የዋጋ ጦርነት ነው። በየካቲት 2025 የኢንተርኔት ሻጩ ጄዲ የምግብ ማድረስ ሥራ ውስጥ ገባ። በዚሁ ሥራ የቆየው ሜይቱዋንና አሊባባም አጸፋውን መለሱ። ትዕዛዝ ጎረፈ፣ ሸማቹ ተጠቀመ፣ ሜይቱዋን ግን በዚያው ዓመት ሦስተኛ ሩብ ኪሳራ ውስጥ ወደቀ። ቻይናዎች ይህንን መፋጀት “ኔይጁዋን” ይሉታል። ስለዚህ ሽያጩ ስንት አደገ ብለህ አትጀምር። ከአንድ ሽያጭ ስንት ይተርፋል፣ ለባለአክሲዮኑስ ምን ይመለሳል በል። በአምስት ዓመት ውስጥ የምትፈልገውን ገንዘብም እዚያ አታስገባ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜስ?

ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ውጭ አክሲዮን መግዛት አይቻልም። በቴሌግራም “የቻይና አክሲዮን እንገዛልሃለን” የሚልህን ሰው ሽሸው። እባክህ።

ጥያቄ፦ ቡና ላኪ ነኝ። ይሄ ሁሉ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

ከሁላችንም በላይ የሚጠቅመው ለእርስዎ ነው ጋሼ። ከታኅሣሥ 1፣ 2024 ጀምሮ ቻይና የእኛን ጨምሮ ከድሃ አገሮች የሚገባን ምርት ከቀረጥ ነፃ አድርጋለች። ሻንጋይ ብቻ ከ9,000 በላይ ቡና ቤቶች አሏት፣ ጠጪውም ወጣት ነው። ግን ሁለት ዓይነት ገዢ እንዳለ ይወቁ። የ9.9 ዩዋኑ ቡና ሻጭ በሳንቲም ይከራከርዎታል። ቡና እየቆሉ የሚሸጡት ትንንሾቹ ድርጅቶች ደግሞ የይርጋጨፌንና የጉጂን ስም አውቀው ነው የሚመጡት፤ የሚጠይቁዎትም ቀበሌውን፣ ማጠቢያ ጣቢያውንና የአደራረቁን ዘዴ ነው። እኔ ብሆን ናሙናውን መጀመሪያ የምልከው ለእነዚህ ነው።