ጥያቄ፦ ከሮም ወደ ቬኒስ ስጓዝ ፍሎረንስ ወርጄ ከተማዋን አይቼ በዚያው ቲኬት መቀጠል እችላለሁ?

በፈጣኑ ባቡር ከሆነ አይችሉም። ቲኬቱ የሚያገለግለው ለተጻፈበት ባቡር፣ ሰዓትና ወንበር ብቻ ስለሆነ፣ ፍሎረንስ ላይ ከወረዱ የቀረው መንገድ ይቃጠላል።

ሁለት ቲኬት ይቁረጡ፦
1. ከሮማ ተርሚኒ እስከ ፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።
2. ከዚያ እስከ ቬኒስ ጣቢያ፣ ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ፤ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል።

ፈጣን ባቡር ከሚያስኬዱት ሁለት ድርጅቶች አንዱን ከትሬኒታሊያ፣ ሌላውን ከኢታሎ መግዛት ይቻላል፤ የአንዱ ቲኬት በሌላው ባቡር ግን አይሠራም። ሻንጣዎን ፍሎረንስ ጣቢያ ውስጥ ከፍለው ያስቀምጡ። ትልቁ ካቴድራል በእግር ቅርብ ነው። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ፤ ቲኬቱ ላይ 14:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጣቢያው ሰሌዳ በጉልህ የሚጽፈው የባቡሩን የመጨረሻ ከተማ ነው። ወደ ፍሎረንስ የሚሄደው ባቡር «ሚላኖ» ወይም «ቶሪኖ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ተርሚኒ ውስጥ አንገታቸውን አንጋጠው «ፊሬንዜ» (ፍሎረንስ በጣሊያንኛ) የሚል ጽሑፍ ሲፈልጉ ባቡሩ ጥሏቸው የሄደ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ የከተማውን ስም ትተው ቲኬቱ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥር ይፈልጉ። «ቢናሪዮ» በሚለው ስር ያለው አኃዝ ባቡሩ የቆመበት መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው መነሻው ሲቃረብ ስለሆነ ከሰሌዳው አይራቁ።

ቬኒስ ሲቃረቡ ደግሞ መስትሬ ላይ እንዳይወርዱ። እሱ ከውኃው ወዲህ፣ በየብሱ በኩል ያለው ጣቢያ ነው፤ የእርስዎ የሚቀጥለው ነው።