ሬዲዮው ሌሊትም ይበላል፦ ስለ ሶላርና ስለ ጣሪያ ዋይፋይ ለጠየቃችሁ

በዚህ እትም ከድሬና ከሀረር የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ጣሪያ ላይ ሚሰቀለውን የዋይፋይ ሬዲዮ በሶላር ባትሪ ስለማንቀሳቀስ። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን እነዚህን እንያቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ወደ መልካ ጀብዱ መውጫ ላይ መብራት ያልገባለት መጋዘን አለኝ። ኢንተርኔቱን ሳቢያን ካለው ቤቴ በናኖስቴሽን (ጣሪያ ላይ ሚሰቀል የዋይፋይ ሬዲዮ ነው) ነው ማሻግረው። መጋዘኑ ጋ 50 ዋት ፓኔል፣ 40 አምፔር የመኪና ባትሪ እና 300 ዋት ኢንቨርተር ገዝቼ የሬዲዮውን አዳፕተር ኢንቨርተሩ ላይ ሰካሁት። ቀን አሪፍ ነው ሌሊት ግን ይጠፋል፣ መጀመሪያ ሊነጋጋ ሲል ነበር አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ እየጮኸ ይዘጋል። የሸጠልኝ ልጅ ፓኔል ጨምር ይለኛል፣ ሌላው ባትሪው ፎርጅድ ነው ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ፣ መጀመሪያ ኢንቨርተሩን ንቀለው። ያንተ ሬዲዮ ሚፈልገው 24 ቮልት ዲሲ (የባትሪ አይነት መብራት) ነው፣ ባትሪህ ሚሰጠው 12 ቮልት ዲሲ ነው፣ አንተ ግን 12ቱን በኢንቨርተሩ ወደ 220 ኤሲ (የቤት መብራት) አውጥተህ እንደገና በአዳፕተር ወደ 24 ታወርደዋለህ፣ ይሄ ከከዚራ መጋላ ለመሄድ በሀረር ዞሮ እንደመምጣት ነው አቦ። ደሞ ኢንቨርተሩ ምንም ባይሰካበት እንኳ በርቶ እስካለ ድረስ ለራሱ ይበላል፣ እነዚህ ትናንሾቹ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዋት ድረስ ይወስዳሉ። ሬዲዮህ እኮ ራሱ 6 ዋት ቢበላ ነው፣ የናኖስቴሽን ኤም 5 ከፍተኛው 8 ዋት ነው። ስለዚህ ተሸካሚው ከጭነቱ በላይ እየበላብህ ነው ማለት ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ሬዲዮው 6፣ ኢንቨርተሩ 8፣ አዳፕተሩ ሚያባክነው 2 ብንል 16 ዋት፣ ሬዲዮ ደሞ እንደ አምፖል ሲመሽ በርቶ ሲነጋ ሚጠፋ ነገር አይደለም 24 ሰዓት ነው ሚሰራው፣ 16 በ24 ሲባዛ 384 ዋት-ሰዓት በቀን። ወደ ፓኔሉ ስንመጣ ድሬ ላይ ፀሐይ ችግር አይደለም፣ ግን ጠዋትና ማታ ደካማ ስለሆነች ሙሉ ጉልበቷን እንደ 5 ሰዓት ቁጠራት። 50 ዋት በ5 ሰዓት 250 ነው፣ ከዛ ላይ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪው ውስጥ ሚጠፋውን ወደ 30 ፐርሰንት ስትቀንስ 175 ይቀርሃል። ሚገባው 175 ሚወጣው 384! ቀን አሪፍ ሚመስልህ ፓኔሉ ያመጣውን ቀን ራሱ ስለሚበላው ነው፣ ለሌሊት ሚተርፍ የለም። መጀመሪያ ሰሞን እስከ ንጋት ያደረሰህ ባትሪው ከሱቅ ይዞት የመጣው ቻርጅ ነው፣ እሱ አለቀ።

አሁን ኢንቨርተሩን አውጥተህ በቦታው ከ12 ወደ 24 ቮልት ሚያወጣ ዲሲ ቡስተር አስገባ፣ ደህና የሆነው ቡስተር 90 ፐርሰንት ገደማ ያሳልፋል። 6 ዋቱ ወደ 6.7 ይሆናል በ24 ሰዓት 160 ዋት-ሰዓት። ያው ያለህ ፓኔል 175 ያመጣል፣ አየህ ምንም ሳትጨምር ሂሳቡ ገጠመ። ግን ለጥቂት ነው የገጠመው፣ ሁለት ቀን ደመና ከሆነ ወይ ፓኔሉ ላይ አቧራ ከተኛ ያልቅብሃል፣ በዛ ላይ ሰው ሬዲዮ ከሰቀለ በኋላ ካሜራ መጨመሩ አይቀርም። ስለዚህ ልጁ ፓኔል ጨምር ያለህ ውሸቱን አይደለም ቅደም ተከተሉ ነው የተሳሳተው፣ በኋላ ገንዘብ ስታገኝ ወደ 100 ዋት ውጣ።

ባትሪው ፎርጅድ ይሁን አይሁን ሳላየው አልፈርድም፣ የመኪና ባትሪ መሆኑ ግን ራሱን የቻለ ችግር ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ የተሰራ ነው እንጂ በየሌሊቱ ሙልጭ እንዲል አይደለም፣ እንደሱ ስታደርገው ቶሎ ይሞታል። ያንተ ደሞ ኢንቨርተሩ እስኪጮህ ድረስ በየቀኑ ሲሟጠጥ ስለከረመ አቅሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ከሁሉም ነገር ንቀለውና ትንሽ ሰዓት አሳርፈህ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካው፣ ጤነኛ ከሆነ 12.6 ወይ 12.7 ያሳይሃል፣ 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። ሲቀየር ዲፕ ሳይክል (በየቀኑ እንዲሟጠጥና እንዲሞላ የተሰራ ባትሪ) ወይም ጄል ግዛ፣ እሱንም ቢሆን ከግማሽ በታች አታውርደው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ካገኘህ ደሞ 80 ፐርሰንቱን መጠቀም ትችላለህ፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (በፓኔሉና በባትሪው መሃል ሆኖ ቻርጁን ሚቆጣጠረው) የሊቲየም ሴቲንግ እንዳለው ግን መጀመሪያ እይ።

ስትገጥመው ቡስተሩን በቀጥታ ባትሪው ላይ አትሰር፣ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ላይ የአምፖል ምልክት ያለው መውጫ አለ እዛ ነው ሚገባው፣ ባትሪው ሲደክም እሱ ራሱ ይቆርጠዋል። የባትሪው ፕላስ ጋ 5 አምፔር ፊውዝ ይኑር። ከቡስተሩ የወጣው 24 ወደ ሬዲዮው ሚወጣው በዛው በኔትወርክ ኬብሉ ነው፣ 4 እና 5ኛው ማለትም የሰማያዊው ጥንድ ፕላስ፣ 7 እና 8ኛው የቡኒው ጥንድ ማይነስ። ራስህ ከመቀጥቀጥ ግን ይህችን ስራ ምትሰራ ትንሽ የፖኢ (መብራትን በኔትወርክ ኬብል መላክ ማለት ነው) ማስገቢያ ግዛ። ተጠንቀቅ ብቻ፣ ይሄ አይነቱ ፖኢ ወዳጅ ጠላት አይለይም፣ የተሰካበትን ሳይጠይቅ ነው መብራት ሚልከው፣ ላፕቶፕህን በስህተት ፖኢ በሚለው ቀዳዳ ብትሰካው ሊያቃጥለው ይችላል። ላፕቶፕ ላን በሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ከሀረር ሸዋበር ነኝ። ቡስተር ምናምን እንዳልገዛ ብዬ ሁለት 12 ቮልት ባትሪ በሲሪዝ (የአንዱን ፕላስ ከሌላው ማይነስ) አሰርቼ 24 አድርጌ ሬዲዮውን በቀጥታ ሰጠሁት። ሌሊት አንደኛ ነው። ችግሩ ፀሐይ ስትበረታ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ይጠፋል ይበራል። ከአንዱ ባትሪ ላይ የግቢ አምፖልም አስቀጥያለሁ፣ እሱ ያመጣው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አምፖሏ ሌላ ጥፋት ነች ወደሷ እመለሳለሁ። ባትሪ 24 ይባላል እንጂ ቻርጅ ሲደረግ 24 ላይ አይቆምም፣ አንዱ 12 ቮልት አሲድ ባትሪ ሲሞላ እስከ 14.4 ይወጣል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 28.8። ሬዲዮሽ 24 ነው ምፈልገው ካለ በእኩለ ቀን ወደ 29 ሚጠጋ እየተቀበለ ነው፣ እንግዲህ ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፣ ካልተስተካከለ ግን አንድ ቀን ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ ማይክሮቲክ የሚባሉት ሬዲዮዎች ላይ ለምሳሌ ብዙዎቹ ከ12 ጀምሮ እስከ 28 ወይ 30 ድረስ እንደሚችሉ ተጽፎባቸዋል፣ ሌላው ግን 24 ብቻ ይላል። 24 ብቻ ካለሽ በመሃል ሚገባው ከፍም ዝቅም ያለውን ተቀብሎ ልክ 24 ሚያወጣ ኮንቨርተር ነው፣ ዋጋው ካንድ ሬዲዮ በጣም ያንሳል። እርግጠኛ ለመሆን ቀን 6 ሰዓት ላይ ቴስተሩን ሬዲዮውን ሚመግበው ሽቦ ላይ አድርጊው። 24 ወይ 25 ካሳየሽ የኔ ግምት ተሳስቷል፣ ያኔ ሙቀቱን ወይም ላላ ያለ ኮኔክተር ፈልጊ።

ወደ አምፖሏ፦ ከሁለት አንዱን ብቻ ሲጠባ ሚያድር ነገር ባትሪዎቹን ያበላልጣቸዋል። ኮንትሮለሩ ሚያየው ድምሩን ብቻ ስለሆነ አንዱ ሳይሞላ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም በየፊናቸው ያልቃሉ። አምፖሏን 24 ሚችል ቀይሪያት ወይም ከሁለቱም በኮንቨርተር አውጪላት።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ነው ቤታችን፣ ባትሪውን ከፓኔሉ ስር ጣሪያው ላይ በቆርቆሮ ሳጥን ባስቀምጠው ሽቦ አያጥርልኝም?

መልስ፦ ያጥርልሃል፣ የባትሪውም ዕድሜ አብሮ ያጥራል። የአሲድ ባትሪ ዕድሜ ሚለካው በ25 ዲግሪ ነው፣ ከዛ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ይቀንሳል፣ የድሬ ቆርቆሮ ሳጥን በግንቦት ውስጡ ምን እንደሚሆን እኔ አልነግርህም። ታች ጥላ ውስጥ አየር ሚያገኝበት ቦታ አድርገው፣ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት ግን አይሆንም።

የሽቦው ርዝመት ካሳሰበህ ቡስተሩን ታች ባትሪው አጠገብ አድርገህ 24ቱን ወደ ላይ ላከው። ደህና መዳብ የሆነ ካት 5 (የኔትወርክ) ኬብል 30 ሜትር ቢሄድ መብራቱን ሚቋቋመው ደርሶ መልስ ወደ 3 ኦም ገደማ ነው፣ 6 ዋት በ12 ቮልት ብትልክ 1.5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፣ በ24 ብትልከው ግን 0.75 ብቻ። ገበያ ላይ አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ ኬብል ሞልቷል፣ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ከድሬ ሀረር በቀጥታ ማሻገር ይቻላል? ለጎረቤትም መሸጥ አስቤ ነበር።

መልስ፦ በቀጥታ አይሆንም። ሬዲዮ ለሬዲዮ መተያየት አለበት፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ በመሃል ከሀረርም በላይ ከፍ ያለው የደንገጎና የሀሮማያ ተራራ ተገትሯል። እዛ ላይ በሶላር ሚሰራ ማሻገሪያ ያስፈልግሃል፣ ሁለት ሬዲዮ ስለሚሆን ከላይ የሰራነውን ሂሳብ እጥፍ አድርገው፣ የክረምቱን ደመናና ጉም ደሞ ጨምርበት። ስለ መሸጡ ግን ኢንተርኔት ለሌላ ሰው መሸጥ ፈቃድ ሚያስፈልገው ስራ ነው፣ ምሰሶ ከመትከልህ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ።