መልስ፦ «ጨረቃ ቤት» ለምን ተባለ?

ወንድሜ፣ «ደላላው ቤቱ ጨረቃ ነው አለኝ፣ ጣሪያ የለውም ማለት ነው?» ላልከው፣ አይደለም። ስሙ ከአሠራሩ የመጣ ነው፤ ያለፈቃድ በአንድ ሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን የሚቆም ቤት። አጣናው ይተከላል፣ ቆርቆሮው ይመታል፤ ምርጊቱ ለነገም ይደርሳል። ሳይነጋ ጣሪያ ካልለበሰ ደንብ አስከባሪ ይደርስበታል።

ዛሬ ትርጉሙ ሰፍቷል። አዲስ አበባ፣ ሃና ማርያም ወይም ቡልቡላ ሰፈር በጠራራ ፀሐይ በብሎኬት የተሠራ ቪላም ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) ከሌለው ያው «ጨረቃ» ነው (ለስሙ እንኳ አይመጥንም!)። መንግሥት «ሰነድ አልባ» የሚለው ግን ሁሉንም አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶ ላይ የሚታይ ይዞታ ሌላውን መስፈርት ካሟላ ካርታ ሊወጣለት ይችላል፤ ደላላውን መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። የመብራት ቆጣሪ ቢያሳይህ አትዘናጋ፣ ቆጣሪ ካርታ አይሆንም።