የጎደሉት 45 መጠይቆች

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች ጽፈውልኛል፣ አጭሩን ላስቀድም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፕሮፖዛሌን ለአድቫይዘሬ በቴሌግራም ከላክሁ ሁለት ወር ሞላኝ፣ አይቶታል ግን አልመለሰልኝም፣ ስደውልም አያነሳም። ጠላኝ ይሆን? (ከመንዝ፣ ሞላሌ)

መልስ፦ አልጠላህም ወንድሜ። 40 ገጽ በስልክ ሲመጣለት «በኋላ አየዋለሁ» ይላል፣ ያ በኋላ ደግሞ አይመጣም። አንድ ገጽ ጻፍ፣ ጥያቄህን፣ የት እንደምትሰራ፣ ከማን መረጃ እንደምትሰበስብ፣ ከታች ደግሞ እሱ ብቻ ሊመልሳቸው የሚችሉ ሁለት ጥያቄዎች። አትመህ ክላስ ያለው ቀን ጠብቀህ በእጁ ስጠው፣ ከመንዝ ድረስ መምጣቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ ግን አንድ ቀን ፊት ለፊት ሁለት ወር ቴሌግራም ይበልጣል። ከዛም ዝም ካለ ለዲፓርትመንቱ በጽሁፍ አመልክት፣ የላክህባቸውን ቀኖች ሁሉ መዝግበህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። ቅዳሜና እሁድ ደብረ ብርሃን ማስተርሴን እማራለሁ፣ በሥራ ቀን አስተማሪ ነኝ። ቴሲሴ የተሻሻለ የባቄላ ዘር አጠቃቀም ላይ ነው። ሦስት ቀበሌ ይዤ 1,240 አባወራና እማወራ አሉ፣ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለብኝ በያማኔ ፎርሙላ በ7 ፐርሰንት የስህተት መጠን ሳሰላው 176 ሰው ወጣ። ሁለቱን ቀበሌ ጨርሻለሁ፣ 118 ሰው። ሦስተኛው ግን ከመንገድ የራቀ ነው፣ ገደል ተሻግሮ፣ ኅዳር ላይ ስሄድ ሁሉም አጨዳ ላይ ስለነበር ከ58ቱ 13 ብቻ አገኘሁ። እስካሁን ካነጋገርኳቸው 131 ሰዎች ዘሩን የሚጠቀሙት 44 ናቸው፣ ዘሩን መጠቀም አለመጠቀም ከምን ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳይ፣ 17 ቫሪያብል (እንደ ዕድሜ፣ መሬት ያሉ ምክንያቶች) ያለው ሎጂት ሞዴል ነው የምሰራው። አድቫይዘሬ ቁጥሩ ሳይሞላ አናሊሲስ እንዳትጀምሪ ብሎኛል፣ ብሬ አልቋል፣ ጓደኞቼ ደሞ «ያሉሽን እያየሽ እቤትሽ ሙይው፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው» ይሉኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ አንድ ሌሊት እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ ሁለት ሞልቼ አቆምኩ። ምን ላድርግ? (ከባሶና ወራና)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እነዛን ሁለት ወረቀቶች ቅደጃቸው፣ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነስተሽ ቅደጃቸው። ያቆምሽበት እጅ ትክክል ነበር።

እኔ ማስተርሴን ስሰራ ለአራት ልጆች ከፍዬ ነበር መጠይቅ ያስሞላሁት። የሦስቱ ወረቀት ጥጉ ታጥፎ፣ አንዱ ላይ ጠላ ፈሶበት ደርቆ፣ ሌላው ላይ እስክሪብቶ አልጽፍ ብሎ ተቦጫጭሮ ነው የመጣልኝ። የአራተኛው 30 ወረቀት ግን ከፎቶ ኮፒ ቤት እንደወጣ ነው፣ ንጹህ። ስገልጠው ሠላሳውም ቤት ሁለት ሁለት በሬ አለው፣ መሬቱ ወይ 4 ጥማድ ነው ወይ 6 ጥማድ፣ አንዷ እናት ደሞ 24 ዓመቷ ሆኖ የበኩር ልጇ 19 ዓመቱ ነው። ሠላሳውንም ጣልኳቸው፣ የከፈልኩት ብር እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ መጣሌ ግን አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ሰው እቤቱ ሲሞላ መካከለኛ ገበሬ ነው የሚጽፈው፣ መሬት ላይ ያለው ግን አንዱ ለተዝካር በሬውን ሸጧል፣ አንዷ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ከተማ ገብታለች፣ እንዲህ ያለውን ከራስሽ አታመጪውም፣ ፈታኝም ሲያየው ይገባዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፣ ምክንያቱም አስፈራርቶሽ ያለው እሱ ነው። ያው ሁሉም ቴሲስ ላይ የምናየው የታሮ ያማኔ ፎርሙላ ነው። ወደኋላ አስሊው፣ 1,240ን ለ131 አካፍይ፣ 9.47 ገደማ ይመጣል፣ 1 ቀንሺ፣ የቀረውን ለ1,240 አካፍለሽ ስኩዌር ሩቱን ውሰጂ፣ 0.083 ነው። ማለትም 45 ሰው ሲጎድል የስህተት መጠኑ ከ7 ወደ 8.3 ፐርሰንት ነው ከፍ ያለው። ለዚች ልዩነት ብለሽ ነው ሌሊት የምትዋሺው? ይሄን ስሌት ከነወረቀቱ ለአድቫይዘርሽ አሳዪው።

ግን ፎርሙላው የማያየው ነገር አለ፣ እኔ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የጎደሉሽ 45 ሰዎች እንደ እጣ ከሁሉም ቀበሌ የጎደሉ አይደሉም፣ ሁሉም ገደል ማዶ ያሉ ናቸው። ዘሩ የሚመጣው በመኪና መንገድ ነው፣ የግብርና ባለሙያውም የሚደርሰው እዛው መንገድ ዳር ነው፣ ስለዚህ ማዶ ያሉትን ትተሽ ብትጽፊ የባሶና ወራና ገበሬ ዘሩን ከሚጠቀመው በላይ የሚጠቀም ይመስላል። በነሱ ፈንታ መንገድ ዳር ያሉ ጎረቤቶችን መተካትም ያው ነው፣ ቁጥሩ ይሞላል፣ ሥዕሉ ይጣመማል።

ስለዚህ ከቻልሽ ተመለሺ፣ ግን ገበሬው ሥራ ላይ በሚውልበት ቀን አትሂጂ። ከጥምቀት በኋላ ውቂያው ሲቀል፣ የበልግ እርሻ ሳይጀመር ያለችውን ጊዜ ያዢ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ገበሬ አያርስም፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ታገኚዋለሽ፣ አንድ የበዓል ቀን ላይ 10 ሰው ብታነጋግሪ አራትና አምስት ቀን ነው። እዛ አንድ ቤት ማደሪያ ለምኚ፣ ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ፣ ብዙ ብር አይጠይቅም። ዘሩን ያከፋፈለውን የግብርና ባለሙያ ግን መንገድ ካሳየሽ በኋላ አመስግነሽ ሸኚው፣ እሱ አጠገብሽ ቆሞ እያለ «ዘሩን ቀቅለን በላነው» የሚል ሰው የለም። በር ስታንኳኪ ደሞ አባወራው ነው የሚወጣው፣ ሴትየዋን ለብቻ ጠይቂያት፣ ለዘር የሚቀመጠውንና ለሽሮ የሚወጣውን የምታውቀው እሷ ናት።

ገና ሳትጀምሪ «ለግብር ነው?» ብለው ይጠይቁሻል፣ ወይም «እርዳታ ልትመዘግቢን ነው?»፣ ሁለቱንም አይደለም በይ፣ ምን እንደሆነም ንገሪያቸው። በሄክታር አትጠይቂ፣ በጥማድ ጠይቂ፣ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ተብሎ ቢሰላም ከቦታ ቦታ ይለያያልና የአንድ ሁለቱን ማሳ እራስሽ ለክተሽ አረጋግጪ። የዘሩን ስምም ብዙው አያውቀውም፣ «ዋልኪ ዘርተሃል?» ብትዪው ዝም ይልሻል፣ «ከግብርና የመጣ ባቄላ» ካልሽው ግን ከማን በስንት እንደገዛው ሳይቀር ይነግርሻል። ከስንት ዓመት በፊት እንደገዛውም ጠይቂው፣ ባቄላን ንብ ታዳቅለዋለች፣ ካገሬው ባቄላ ጎን ለዓመታት እየተዘራ የቆየ ዘር ያው የመጀመሪያው ዘር ነው ማለት ይከብዳል።

መመለስ ካልቻልሽ፣ መንገድ ቢዘጋ ወይም ጸጥታው ካልፈቀደ፣ ጥናቱን በሁለቱ ቀበሌ ወስኚው። 118 ሰው አለሽ፣ ሁለቱም ሙሉ ናቸው፣ ርዕሱ ላይ ሁለት ቀበሌ በይ፣ 13ቱን ለብቻ እንደ ማስታወሻ አቅርቢያቸው፣ ለምን እንደቀረም በአንድ አንቀጽ ጻፊ። ይሄ ነውር የለበትም።

ሞዴልሽ ላይ ግን ልቆጣሽ ነው። ለአንድ ቫሪያብል ከሁለቱ ወገን፣ ከሚጠቀሙትና ከማይጠቀሙት፣ ካነሰው ቢያንስ 10 ሰው ይኑር ይባላል፣ ያንቺ ተጠቃሚዎች 44 ናቸው፣ ስለዚህ የሚሸከሙት አራት ቫሪያብል ነው፣ 17 አይደለም። 45ቱ ሁሉ ቢሞሉልሽ እንኳን ይሄ ችግር አይፈታም። ከሌላ ሰው ቴሲስ የገለበጥሻቸውን አውጪና ገበሬዎቹ ደጋግመው ያነሱልሽን አስቀሪ።

አንድ ነገር ደሞ ሳልጠይቅሽ አልቀርም፣ መጠይቅሽ ላይ ቆርምድ አለ? ቅጠሉን አረንጓዴ እብጠት እያወጣ የሚያቆረምደው የባቄላ በሽታ፣ በዚያ ደጋ ስንቱን ከባቄላ ወደ ገብስ የመለሰው። በሽታው አሸንፎት ባቄላ የተወ ሰው ያንቺ ወረቀት ላይ «የማይጠቀም» ተብሎ፣ ዘሩን አይቶት ከማያውቀው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ቀበሌ ስትገቢ ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ባቄላ ትዘራለህ?» አይሁን፣ «ትዘራ ነበር?» በዪው፣ ከዛ እስክሪብቶሽን አስቀምጠሽ አዳምጪው።