መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አልነሳ ያለ ቨርቹዋል ማሽን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ላይ ባለው ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ኡቡንቱ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እጠቀማለሁ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቴም ያለው እዚያ ነው። ኡቡንቱው ክፍት እንዳለ መብራት ጠፋ። ከመጣ በኋላ በማሽኑ ስም ፋንታ «ኢንአክሰሰብል» (ሊከፈት አልቻለም) የሚል ጽሑፍ ብቻ ይታያል፤ ስታርት አይሠራም። ጓደኞቼ ፎልደሩን አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫን ይሉኛል። ላጥፋው?

መልስ፦ በፍጹም አያጥፉት! ሥራዎ የተቀመጠው መጨረሻው «ቪዲአይ» በሚለው ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። የተጎዳው መጨረሻው «ቪቦክስ» የሚለው፣ የራሙን መጠንና የዲስኩን ቦታ የሚመዘግበው ትንሽ ፋይል ሳይሆን አይቀርም። እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ባዶውን ይቀራል። የስህተቱ መልእክት «ዶክዩመንት ኢዝ ኤምፕቲ» ካለ፣ የፋይሉም መጠን 0 ባይት ከሆነ ችግሩ ይኸው ነው።

ቨርቹዋልቦክስን ይዝጉና የማሽኑን ፎልደር እንዳለ ውጫዊ ዲስክ ላይ ኮፒ ያድርጉ። የፍላሽዎ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ መሆን አለበት። ይህን ሳይጨርሱ ሌላ ነገር አይንኩ።

እዚያው ፎልደር ውስጥ መጨረሻው «ቪቦክስ-ፕሬቭ» የሚል ፋይል ያገኛሉ፤ ቨርቹዋልቦክስ ራሱ የሚያስቀምጠው የቀድሞው ቅጂ ነው። ባዶውን ፋይል ስሙን ቀይረው ያቆዩት፤ ከፕሬቩ ስም ላይ «-ፕሬቭ» የሚለውን ያጥፉና ቨርቹዋልቦክስን ይክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ በስሙ ይመለሳል።

ፕሬቩም ባዶ ከሆነ አዲስ ማሽን ይፍጠሩ፤ ዲስክ ሲጠይቅዎ አዲስ ከማሠራት ይልቅ ነባሩን ቪዲአይ ይምረጡ። የቀድሞው ማሽን በኢኤፍአይ (አዲሱ የኮምፒውተር ማስነሻ ዘዴ) የሚነሳ ከነበረ አዲሱም ላይ ኢኤፍአይ ይብራ፤ አለዚያ ዲስኩ ደህና ሆኖ ሳለ አይነሳም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ስናፕሾት (የማሽኑን የዚያን ጊዜ ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ) ወስደው ከነበረ የቅርቡ ሥራዎ ያለው «ስናፕሾትስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። ዋናውን ቪዲአይ ብቻውን ካስነሱት ከስናፕሾቶቹ ጋር ያለው ትስስር ይበላሻል፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ አይሂዱ፣ የሚያውቅ ሰው ያሳዩ።

ማሽኑ ተነስቶ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ከቆመ የኡቡንቱው ፋይል ሲስተም መጠገን አለበት። «ኤፍኤስሲኬ» ብለው፣ ክፍተት ትተው «-ዋይ»ን፣ ቀጥሎም እንደገና ክፍተት ትተው ስክሪኑ ላይ የተጠቀሰውን የዲስክ ክፍል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ሲጨርስ «ኤግዚት» ይበሉ።

ለወደፊቱ ዴስክቶፑን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ይሰኩት። መብራት ሲሄድ ማሽኑን «ሴቭ ስቴት» ብሎ ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት። ኤችፒ ላፕቶፔ ላይ አዲስ የሠራሁት ቨርቹዋል ማሽን «ቪቲ-ኤክስ ኢዝ ዲሴብልድ» ብሎ እምቢ አለ።

መልስ፦ ቪቲ-ኤክስ ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋል ማሽን እንዲያስነሳ የሚረዳው ክፍል ነው፤ መልእክቱ ጠፍቷል ማለቱ ነው። ላፕቶፑን ሲያበሩ ኤፍ10ን ደጋግመው ይጫኑና ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ይግቡ። «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ» የሚለውን «ኢኔብልድ» አድርገው ሴቭ ያድርጉ። ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ከሆነ «ኤስቪኤም» ተብሎ ሊጠራ ይችላል። መስተካከሉን ዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማናጀር ከፍተው፣ ፐርፎርማንስ ሥር ሲፒዩ የሚለው ገጽ ላይ ያረጋግጡ።