አንድ አባጨጓሬ ስንት ቅጠል ይጨርሳል?

ጥያቄ፦ ዛፎቼ ላይ አባጨጓሬ እንዳለ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ግን ቅጠሉን እዚህም እዚያም ከመብሳት አልፎ የከፋ ጉዳት ስላላየሁ ዝም አልኩ። አሁን በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ቅርንጫፍ ቀረ። ሌላ መንጋ መጣባቸው እንዴ? ይሞታሉ?

መልስ፦ ሌላ መንጋ የመጣ አይመስለኝም። ያው የነበሩት ናቸው፣ አደጉ እንጂ።

አባጨጓሬ ቆዳው ሲጠበው እየገፈፈ በደረጃ ነው የሚያድገው። ደን በማውደም የታወቀውን ሊማንትሪያ ዲስፓር የሚባል የእሳት እራት አባጨጓሬ እንውሰድ። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ 5፣ ሴቷ 6 ደረጃ ታልፋለች፤ እንቁላሉን የምታዘጋጀው እሷ ናትና የበለጠ ትበላለች። አንዱ ብቻውን በጥቂት ሳምንታት ዕድሜው እስከ 1 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቅጠል ሊጨርስ ይችላል። ጉዱ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። ስለዚህ ለሳምንታት እዚህ ግባ የማይባል ጉዳት ያያሉ፣ ከዚያ በአንዴ ጉድ ይፈላል።

ደግሞ የሚጠፋው የሚበላው ብቻ አይደለም። ቆርጦ መሬት ላይ የሚጥለው ቅጠልም ቀላል አይደለም። የዋጠውም ቢሆን አብዛኛው ሳይፈጭ በኩስ መልክ ይወጣል፤ ክፉኛ በተወረረ ደን ውስጥ ኩሱ ሲረግፍ ካፊያ የሚጥል ይመስላል። ተመራማሪዎች ከዛፍ ሥር ጨርቅ ዘርግተው ይህንኑ ኩስ በመሰብሰብ ዛፉ ላይ ስንት አባጨጓሬ እንዳለ ይገምታሉ፣ ደስ የማይል ሥራ ነው መቼም።

አሁን መርጨት ገንዘብ መጣል ነው። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ያለበት መድኃኒት የሚሠራው ገና ትንንሽ ሳሉ ነው፣ የጠገቡትማ በራሳቸው መብላት ሊያቆሙ ተቃርበዋል።

ይሞታሉ ወይ ላሉት፣ እንደ ዛፉ ነው። ሰፊ ቅጠል ያለው ጤነኛ ዛፍ ካከማቸው ምግብ አውጥቶ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በተከታታይ ዓመታት ከተራቆተ ወይም ድርቅ ከተጨመረበት ግን ይዳከማል። እንደ ጥድ ያሉት ባለ መርፌ ቅጠሎች አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተላጩ ሊሞቱ ይችላሉ። ለመቁረጥ አይቸኩሉ፣ ውሃ ያጠጧቸው። ቀንበጡን በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ለሚቀጥለው ግንዱንና የቅርንጫፎቹን ሥር እየዞሩ ይፈትሹ፣ የእንቁላል ክምር ካገኙ ፍቀው ያጥፉት።