ከየቤታችሁ ሆናችሁ የፊልም ሙዚቃ ለምትሠሩ

ይድረስ ለጀማሪ የፊልም ሙዚቃ ባለሙያዎች፤

ኮሮና የገባ ሰሞን ብዙዎቻችን ሥራው ያበቃለት መስሎን ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ተራ በተራ በራቸውን ዘጉ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የለንደኑ አቢ ሮድ እንኳ ተዘጋ። የኦርኬስትራ ቀረጻ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ መተንፈስን ይጠይቃል። የተከለከለውም ይኸው ነበር። ፊልሞቹ ግን ማለቅ ነበረባቸው። ሉድቪግ ጎራንሰን የ«ቴኔት»ን ፊልም ሙዚቃ ሲሠራ ሙዚቀኞቹ ከየቤታቸው እየቀዱ ነበር። ሌሎቻችንም በየአቅማችን እንዲሁ አደረግን። ወረርሽኙ ቢያልፍም አሠራሩ አብሮን ቆየ። እናንተም የመጀመሪያ ሥራችሁን በአካል አግኝታችሁት ከማታውቁት ዳይሬክተር ልትቀበሉ ትችላላችሁ።

«ታዲያ ሁላችንም በኢንተርኔት ገብተን አብረን ብንጫወትስ?» የሚሉኝ አሉ። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ድምፅ የሚሰማው 30 ሚሊሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ራሱ መናበብ ይከብዳል። የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ ከዚህ በጣም የባሰ ይዘገያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው፣ በተመቸው ሰዓት ይቀዳል።

አጥብቄ ልነግራችሁ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ መሪው እጁን ሲያነሣ ሁሉም አብሮ ይተነፍሳል። ቤቱ ብቻውን ለተቀመጠ ቫዮሊን ተጫዋች ግን ጆሮው ላይ ያለው ጠቅ ጠቅ የሚል ክሊክ ነው። ክሊክ ጊዜ ያስጠብቃል እንጂ ስሜት አይሰጥም። ስለዚህ ከክሊኩ ሌላ የሚከተለው የሰው ድምፅ አስቀድማችሁ ስጡት፤ የጓደኛውን ጨዋታ ማለቴ ነው። መጀመሪያ መሪውን ቫዮሊን ብቻውን አስቀዱ። አትቻኮሉበት፤ ትዕይንቱን እያየ ይጫወት። ከዚያ የእሱን ቅጂ ለሁለተኛው፣ የሁለቱን ለሦስተኛው ላኩ። ቀስቱ የት እንደሚዞር፣ ኖታው ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ድምፁ ምን ያህል እንደሚርገበገብ እያንዳንዱ ከፊተኛው ይሰማል። የጓደኛቸውን ድምፅ ከፍ፣ ክሊኩን ዝቅ አድርገው እንዲጫወቱ ንገሯቸው። አዎ፣ ቀናት ይበላል። እኔ ግን ጊዜ ሲያጥረኝ የሙዚቃውን ርዝመት እቀንሳለሁ እንጂ ይህን ደረጃ አልዘልም።

በጀት ሲጠብ አንድን ሰው ደጋግሞ ማስቀዳት የተለመደ ነው። ያው እጅ፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ክፍል ስለሆነ ድምፁ ብዙ ሰው አይመስልም። ቢያንስ በየዙሩ ወንበሩን ያንቀሳቅስ፣ ከማይኩ ራቅ ይበል፣ ሌላ ቫዮሊን ካለው ይቀይር። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ከጀርባውም ከፊቱም ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀል። ሪቨርብ (በኮምፒውተር የሚጨመር ማስተጋባት) ጨምሮ እንዳይልክ አደራ፤ አንዴ ከተጨመረ ማውጣት ጣጣ ነው።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ አልልም። የቅጂው ጥራት 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን በሉና ለሁሉም በጽሑፍ ላኩ። የፊልሙ የፍሬም ፍጥነት በሴኮንድ 24 ምስል ይሁን 25 ከኤዲተሩ አረጋግጡ። ሁሉም ፋይል ከአንድ ነጥብ ይጀምር።

ዳይሬክተሩን በቪዲዮ ጥሪ ስታነጋግሩ ሙዚቃውን በዚያው አታሰሙት። ጥሪው ጫጫታ ለመቀነስ ሲል ረጅም፣ የማይቀያየር ኖታን እንደ ማራገቢያ ድምፅ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ከቪዲዮው ጋር አያይዛችሁ ፋይሉን ላኩ፤ አብራችሁ ተመልከቱ። ዳይሬክተሩ «ባዶ ሆነብኝ» ካላችሁ ኖታ ከመጨመራችሁ በፊት በምን እየሰማ እንደሆነ ጠይቁት። በላፕቶፕ ስፒከር ከሆነ ቤዙ አልደረሰውም ማለት ነው። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ይስማና ያኔ እንነጋገር በሉት። ያኔም ባዶ ነው ካለ አምናችሁት ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ቤቱ ሆኖ የሚቀዳ ሙዚቀኛ ተጫዋችም ድምፅ ቀጂም ነው። ማይኩን የተከለው፣ ጎረቤት ጸጥ እስኪል የጠበቀው፣ ፋይሉን ቆርጦ የላከው እሱ ነው። ለሁለቱም ሥራ ክፈሉት። ብሩ ካልበቃ የሰው ቁጥር ቀንሱ እንጂ የሰው ዋጋ አትቀንሱ። ስንት ጊዜ በነፃ አስተካክሎ እንደሚልክና ከዚያ በላይ እንዴት እንደሚታሰብለት ቀረጻው ሳይጀመር ተስማሙ። ስሙም በፊልሙ መጨረሻ ላይ እንዲወጣ ከአዘጋጁ ጋር በውላችሁ ላይ አስፍሩ።